ከደብረ ብርሃን ጓሳ፦ ሁለት ሌሊት በድንኳን፣ ዕቅዳችንን እዩልን

ጠባሴ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አምስት ጓደኛሞች ነን፤ ሦስታችን እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ደግሞ አዳማ ነው የምትኖረው። ህዳር 20 አካባቢ መንዝ ጓሳ ወጥተን ሁለት ሌሊት በድንኳን ለማደር አስበናል። ያወጣነው ዕቅድ ይኸውላችሁ፤ ሳትራሩልን ተቹት።

አርብ ከደብረ ብርሃን በሌሊት ተነስተን፣ ጓሳ እንደደረስን ሻንጣችንን አዝለን ስምንት ኪሎ ሜትር እንሄዳለን። ቅዳሜ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር እንዞራለን። እሁድ እስከ ቀትር ጨርሰን ወደ ቤት። እያንዳንዳችን የምንሸከመው 18 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ለብርዱ ጂንስ ሱሪ፣ ሁለት ሁለት ሹራብና ጋቢ ይዘናል፤ ማታ ማታ ድንኳን ውስጥ የምናስገባት ትንሽ የከሰል ምድጃም አለችን። ጫማችን ከሳልባጅ የተገዛ ቡት ነው፤ ገና አላደረግነውም።

ርቀቱ ይበዛል ወይ? ብርዱስ ከደብረ ብርሃን ምን ያህል ይብሳል? የአዳማዋን ልጅ ከፍታው ያስቸግራት ይሆን? በቅሎ መከራየትስ ያስፈልጋል ወይስ ቅንጦት ነው?


አስታ፦

ከርቀቱ ልጀምር። ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ደብረ ብርሃን አስፋልት ላይ ሌላ ነው፣ ጓሳ ላይ ሌላ ነው። ሒሳቡን እንዲህ ሥሩት፦ በሜዳ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር፤ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት አንድ ሰዓት ጨምሩ። ቀኑን ሙሉ የምትወጡት ተደማምሮ 700 ሜትር ቢሆን አምስት ሰዓት ተኩል ይመጣል። በዚህ ላይ ስለ ከፍታው፣ ስለ ሸክሙና ስለ መሬቱ ሲሶ ጨምሩበት፤ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ሆነ። ዕረፍት፣ ምሳ፣ ፎቶ፣ ጭላዳ ማየት ሲታከልበት ዘጠኝ ሰዓት ነው። በህዳር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነግቶ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይጨልማል፤ ጉም ከጣለ ደግሞ ሁለት ሰዓት እንዲሁ ቁጭ ብላችሁ ታሳልፋላችሁ። ስለዚህ ቅዳሜን 12 ወይም 14 ኪሎ ሜትር አድርጉት። አርብም ስምንቱን ተዉትና ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ስፈሩ፤ የመጀመሪያው ቀን ሰውነት ከፍታውን የሚለማመድበት ነው።

መሬቱ ለምን እንደሚያደክም ካልታየ አይገባም። የጓሳ ሣር ለየብቻው በጉብታ በጉብታ ነው የሚበቅለው። በጉብታና በጉብታ መካከል ያለውን ጎድጓዳ ቦታ የተኛው ሣር ይሸፍነዋል፤ ከሥሩ የፍልፈልና የአይጥ ጉድጓድ አለ። እግር ጉብታው ላይ ሲያርፍ ይንሸራተታል፣ መካከሉ ሲገባ ይጠለፋል። ቁርጭምጭሚት የሚወለምበት ምክንያት ገደሉ ሳይሆን ይሄ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የከብትና የሰው ዱካ ያለበትን ተከተሉ፣ ሃምሳ ሜትር ለማሳጠር ብላችሁ በሣሩ አትቁረጡ፣ ሁለት ሁለት ምርኩዝ ያዙ። የሸለቆው ወለል በህዳርም ከክረምቱ የተረፈ ረግረግ ስላለው፣ ከላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚያብለጨልጨውን ሣር በጠርዙ ዙሩት።

ጉሙን አትናቁት። የጓሳ ምሥራቃዊ ጠርዝ ወደ ቆላው የሚወርድ ገደል ነው። ቆላው ሲሞቅ አየሩ ገደሉን ታክኮ ይወጣና ላይ ሲደርስ ቀዝቅዞ ጉም ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ። ስለዚህ የጠርዙን መንገድ ጠዋት ሂዱበት፣ ከሰዓት ወደ ውስጥ ግቡ። ጉም ከያዛችሁ ከጠርዙ ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉ፣ አምስታችሁም አንድ ላይ ሁኑ፣ የዝናብ ልብስ ደርቡ፤ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ አስጎብኚው ከፊት። የገደሉ አፋፍ ላይ ሣሩ ከአፈሩ አልፎ ወደ ውጭ ስለሚንጠለጠል መሬት ያለ ይመስላል። ለፎቶ ከአፋፉ ሦስት ሜትር ይበቃል። እያንዳንዱ ሰው አንገቱ ላይ ፊሽካ ይሰር፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ መንፋት «እዚህ ነኝ፣ እርዱኝ» ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ጓሳ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፤ የመንዝ ሕዝብ የሚጠብቀው የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው። ልዩነቱ ለእናንተ ምንድን ነው? ክፍያው፣ አስጎብኚው፣ የጭነት እንስሳው ሁሉ ከአካባቢው ሰው ጋር ነው የሚያልቀው፤ እንግዲህ ዝም ብሎ ሄዶ በር ላይ ትኬት የሚቆረጥበት ቦታ አድርጋችሁ አትሂዱ። ቀድማችሁ ለጽሕፈት ቤቱ ደውሉ። የምትሰፍሩበትን ቦታ ንገሯቸው፣ የመንገዱን ጸጥታም ጠይቁ፤ ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን በፊት አንዴ፣ በዋዜማው እንደገና። «ይቅርባችሁ» ካሏችሁ ይቅርባችሁ።


ክኒን፦

የከሰል ምድጃዋን ቤት ተዉአት። ስለ ሌላው ሁሉ መከራከር ይቻላል፣ ስለዚህ ግን አይቻልም። ከሰል በተዘጋ ቦታ ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ከሰሉ ፍም ብሎ ጭሱ ሲጠፋ «አሁን ደህና ነው» ይባላል፤ ጋዙ ግን ያኔም ይወጣል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ሰው «ከፍታው ነው» ብሎ ይተኛል። አይነቃም። የድንኳን በር ገርበብ ማድረግ አያድንም፤ ጓሳ ባለው ሎጅ ክፍል ውስጥ ብታድሩም ነገሩ ያው ነው።

ወደ አዳማዋ ልጅ። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ 2,300 እና 2,400 መካከል፣ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ይበልጣል። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ነው። 3,400 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛው ነው። ለደብረ ብርሃን ልጆች ዝላዩ ትንሽ ነው። ከአዳማ በአንድ ቀን 3,400 ላይ ወጥቶ ማደር ግን ለማንም ከባድ ነው፤ ጉልበት ወይም ወጣትነት ከዚህ አይከላከልም፣ እንዲያውም ጎበዝ የሚባለው ፈጥኖ ስለሚወጣ ቀድሞ ይታመማል። ረቡዕ ማታ ደብረ ብርሃን ትግባና ሁለት ሌሊት እናንተ ጋ ትደር። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ለመከላከል የሚወሰደው አሴታዞላማይድ (ዳያሞክስ የሚባለው) በተለመደው መጠን 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ነው፤ ባለ 250ው ግማሹ ማለት ነው፤ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ይጀመራል። ሽንት ያበዛል፣ ጣት ይነዘንዛል። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለባት፣ ነፍሰ ጡር ወይም ኩላሊት የሚያማት ከሆነች ያለ ሐኪም እንዳትነካው። ሁለት ሌሊት ደብረ ብርሃን ካደረች ምናልባት ጨርሶ አያስፈልጋትም።

ምልክቱን ለዩ፦ ራስ ምታት ብቻውን ከሆነ ዕረፍት፣ ውሃ፣ ፓራሲታሞል። ራስ ምታት ከማስመለስ፣ ከምግብ ጥላቻና ከድካም ጋር ከመጣ ከፍ ማለት ይቁም፤ በሚቀጥለው ጠዋት ካልተሻላት ትውረድ። መሬት ላይ ገመድ ዘርግታችሁ ተረከዝ ከጣት እያገጣጠመች ትራመድ፤ ከተንገዳገደች፣ ወይም ቁጭ ብላ እያለ ትንፋሽ ካጠራት፣ ጠዋት አትጠብቁ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፦ ወደ ደብረ ብርሃን መመለስ እንደ መውረድ ይቆጠራል። መንገዱ እኮ እስከ ጣርማ በር ድረስ በከፍታው ላይ ነው የሚሄደው፣ ደብረ ብርሃንም ራሷ ደጋ ናት። በፍጥነት ዝቅ ማለት ሲያስፈልግ ከጣርማ በር ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና መውረድ ይሻላል፤ ከዚያ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። ለዚህ ነው መኪናው ጥሏችሁ እንዳይመለስ የምለው። ቢያንስ መሐል ሜዳ የሚያድር፣ ሲደወልለት የሚመጣ ሹፌር ይኑራችሁ።

አረቄ ያሞቃል የሚለውን እርሱት። ቆዳን ያሞቅና የውስጥ ሙቀትን ያወጣል፤ እንቅልፍ ላይ ደግሞ ትንፋሽ ያዘገያል።


ዝተት፦

ብርዱ ምን ያህል ይብሳል ላልከው፦ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ከደብረ ብርሃን እስከ ጓሳ ልዩነቱ 600 ሜትር ቢሆን አራት ዲግሪ ነው። ቀላል ይመስላል። ግን ህዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ደብረ ብርሃን ራሷ ውርጭ የምትጥል ከተማ ናት፤ ከዚያ ላይ አራት ቀንሱና ንፋሱን ጨምሩበት። ከዜሮ በታች አምስት ዲግሪ እንደሚሆን አድርጋችሁ ተዘጋጁ።

ጂንሱ ይቅር። ጥጥ ሲረጥብ ውሃውን ይዞ ይቀራል፣ ሰውነት ላይ እየቀዘቀዘ ሙቀት ይመጥጣል። ጂንስ አንዴ ከረጠበ ጓሳ ላይ በሁለት ቀን አይደርቅም። ጋቢም ጥጥ ነው፤ ደረቅ ሆኖ ድንኳን ውስጥ ለመደረብ ወደር የለውም፣ ጉም ውስጥ ለብሶ መሄድ ግን ጥሩ አይደለም። አለባበሱ ሦስት ነው፦ ከሥር ላብ የማይዝ ስስ የስፖርት ልብስ፤ መካከል የሱፍ ሹራብ ወይም ፍሊስ፤ ከላይ ንፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ስትሄዱ መካከለኛውን አውልቁ፤ ገና ስትነሱ ትንሽ ብርድ ሊሰማችሁ ይገባል፣ አለበለዚያ አቀበቱ አጋማሽ ላይ በላብ ትርሳላችሁ፣ ያ ላብ ቆም ስትሉ ነው የሚያንቀጠቅጣችሁ። እንደሰፈራችሁ፣ ገና ሳይበርዳችሁ፣ ደረቅ ልብስና ደረቅ ካልሲ ቀይሩ። የማታ ካልሲ ቀን አይደረግም።

ብርድ ከላይ ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ብዙ ነው። የሚያንገበግበው ከሥር ነው። ስሊፒንግ ባግ ስትተኙበት ከሥራችሁ ያለው ጥጡ ተጨፍልቆ ሙቀት መያዙን ያቆማል። ከሥሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጣር ስፖንጅ ያስፈልጋል፤ ለስላሳው የፍራሽ ስፖንጅ ይጨፈለቃል። ስሊፒንግ ባጉ ላይ ሁለት ቁጥር ከተጻፈ «ምቾት» የሚለውን እዩ፤ «መጨረሻ» የሚለው በሕይወት ታድራለህ እንጂ ትተኛለህ ማለት አይደለም። ከዜሮ በታች አምስት የሚል ካጣችሁ፣ ዜሮ የሚለውን ይዛችሁ ላዩ ላይ የመንዝ ባና ጣሉበት። ባናው የበግ ጠጉር ስለሆነ የድንኳኑ እርጥበት ቢነካውም ማሞቁን አይተውም። ይከብዳል፤ ለዚህ ነው በቅሎ ቅንጦት የማይሆነው።

ድንኳን ስትተክሉ ሸለቆው ወለል ላይ አትትከሉ፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርድና እዚያ ይተኛል፣ ጠዋት ውርጩ ነጭ ሆኖ የሚታየው እዚያ ነው። ሸንተረሩ አናት ላይም ንፋሱ አያስተኛም። ከወለሉ ሃያ ሠላሳ ሜትር ከፍ ያለ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ የሰጠ ተዳፋት ፈልጉ፤ የጠዋት ፀሐይ አንድ ሰዓት ቀድማ ታገኛችኋለች። የላይኛውን መተንፈሻ ክፍት ተዉት። ስለበረደ ተብሎ ሲዘጋ የአምስት ሰው ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውሃ ይሆንና ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ፊት ላይ መንጠባጠብ ይጀምራል።

አሁን ስለ ጫማው። ሳልባጅ ቡት ላዩ ቆዳ አዲስ ይመስላል፤ የሚያታልለው ሶሉ ነው። የብዙዎቹ መካከለኛ ሶል ፖሊዩሪቴን ነው፤ ዓመታት ሳይደረግ ሲቀመጥ ከአየር እርጥበት ጋር ተዋህዶ ይፈራርሳል። ፈተናው ይኸውና፦ ከጎን፣ ቆዳውና ጎማው መካከል ያለውን ለስለስ ያለ ክፍል በአውራ ጣት ጥፍር ተጫኑት። ተመልሶ ከተነሳ ጥሩ። ጥፍሩ ገብቶ ምልክቱ ከቀረ፣ ወይም ፍርፋሪ ከወጣ፣ ያ ጫማ ጓሳ ላይ በሁለተኛው ቀን አፉን ይከፍታል። ቀጥሎ ጫማውን ለሁለት እንደሚያጥፍ ሰው አድርጋችሁ እጠፉት፤ ጫፉ ላይ ስንጥቅ ከታየ ሙጫው ደርቋል። ሙጫ ብቻ የለቀቀውን ጫማ ሰፊ ዙሪያውን በሰም ክር ሰፍቶ ያድነዋል፤ የተፈረፈረውን ግን ማንም አያድነውም፣ ገንዘባችሁን አትጨርሱ። ሦስት ሜትር ገመድና ጠንካራ ፕላስተር የያዘ ሰው ይኑር፤ የተላቀቀ ሶል ከሥር በገመድ ታስሮ እስከ መኪናው ያደርሳል።

የእግር ጥፍር የሚጠቁረው ቁልቁለት ላይ ነው። ጫማውን ሳታስሩ እግራችሁን ወደ ፊት ግፉት፤ ከተረከዝ ኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት። ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ሳምንት አድርጉት፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሸክም ይዛችሁ። እግር የሆነ ቦታ ሲያቃጥል ወዲያው ቁሙና ፕላስተር ለጥፉ። «እስከ ምሳ ልቻለው» የተባለ ሁሉ ምሳ ላይ ውሃ ቋጥሯል።


ጠባሴ፦

እናንተ ሰዎች ተባረኩ። ምድጃዋ ቀርታለች፣ ጂንሱም። ሁለት ጫማ በጥፍር ፈተና ወድቋል፤ ፍርፋሪው እንደ አይብ ነው የሚወጣው። አሁን ደግሞ ሌላ፦ ቀኑ የነቢያት ጾም ውስጥ ስለሆነ አምስታችንም ጿሚ ነን። ቋንጣና ጭኮ አይሆንልንም። ምን ያህልና ምን እንያዝ? ውሃስ እዚያ ካለው ምንጭ ይጠጣል?


ጓዳ፦

ጾም ለተራራ አይከብድም፤ እንዲያውም ምግቡ ሳይበላሽ ይቆያል። ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ይሄ በቂ ነው፦ በሶ 200 ግራም፣ ኦቾሎኒ 150 ግራም፣ ዳቦ 250 ግራም፣ ሽሮ 80 ግራም፣ ዘይት 40 ሚሊ ሊትር፣ ተምር ወይም ስኳር 100 ግራም። ተደማምሮ 3,200 ካሎሪ አካባቢ ይሆናል፤ ከቤት ስትሆኑ ከምትበሉት ይበልጣል፣ ብርዱ ራሱ ነው የሚበላው። ለአምስት ሰው ለሦስት ቀን ስታበዙት በሶው 3 ኪሎ፣ ኦቾሎኒው 2 ኪሎ ከሩብ፣ ሽሮው 1 ኪሎ ከ200 ግራም፣ ዘይቱ 600 ሚሊ ሊትር ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጿሚ የሆናችሁ ካላችሁ ግን በመጀመሪያው ቀን አቀበት ባዶ ሆድ አትውጡ፤ ይሄን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ጨርሱት።

በሶ ምሳ ላይ ይሁን። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጨውና በትንሽ በርበሬ ይበጠበጣል፣ እሳት አያስፈልገውም፤ ንፋስ ውስጥ ምድጃ ለመለኮስ የሚጠፋውን ግማሽ ሰዓት ያተርፋል። ለእራት እንጀራ አትሸከሙ፤ ከክብደቱ አብዛኛው ውሃ ነው። ድርቆሽ ያዙ። ለአንድ ሰው ለአንድ እራት 120 ግራም ድርቆሽ ይበቃል፤ ቤት ውስጥ ቀይ ሽንኩርት፣ በርበሬና ዘይት ቁሌት ሠርታችሁ በደንብ አድርቃችሁ በክዳን ዕቃ ያዙ። እዚያ ውሃ ሲፈላ ቁሌቱን ጨምሮ ድርቆሹን መንከር ብቻ ነው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሽሮው ለሁለተኛው ማታ።

ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ክክ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። በዚያ ከፍታ ውሃ 89 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል፤ ይንተከተካል እንጂ አይሞቅም፣ ክኩ እስኪበስል ጋዙ ያልቃል። ሽሮም ቢሆን ቤት ከለመዳችሁት አሥር ደቂቃ ጨምሩለት፣ አለበለዚያ ጥሬው ሆድ ይነፋል፤ አምስት ሰው በአንድ ድንኳን፣ ሌላውን እናንተ ጨርሱት።

እንጨት ከአካባቢው አይቆረጥም። አስታ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ደርቆ የወደቀ የሚመስለውንም አትንኩ። ትንሿን የቡታጋዝ ሲሊንደር ከነማንደጃዋ ውሰዱ፣ ማታ ከንፋስ በድንጋይ ከልሏት፣ ውጭ። ውርጭ ባደረበት ጠዋት ጋዙ ይደክማል፤ ሲሊንደሯን ባና ጠቅልላችሁ አሳድሯት እንጂ በእሳት ለማሞቅ እንዳትሞክሩ። ላይተር በብርድ ስለሚያስቸግር ክብሪት በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ በሁለት ሰው ኪስ ይሁን።

ውሃ፦ ምንጩ ጥርት ያለ ነው፣ ግን ከላዩ ከብትና በግ ይሰማራል። አይታይም ማለት የለም ማለት አይደለም። ማፍላት ከሁሉ ይበልጣል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ መንተክተክ ከጀመረ ጀምሮ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ቀን ላይ ውሃ አጋር ወይም የክሎሪን ፍሬ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ ውሃው እጅ የሚያደነዝዝ ብርድ ከሆነ አንድ ሰዓት። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ በነጠላ አጥልሉት፣ ክሎሪን ጭቃ ውስጥ ጉልበት የለውም። ለመጠጥ በሰው 3 ሊትር፣ ለማብሰያ 2 ሊትር አስቡ። ማታ ያፈላችሁትን በሃይላንድ ላስቲክ ሳይሆን በብረት ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ካልሲ አልብሳችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት። ሌሊቱን ያሞቃል፣ ጠዋት ያልቀዘቀዘ የመጠጥ ውሃ አላችሁ።


ባለአጋሰስ፦

ስለ በቅሎ ልመልስ። ለረጅም መንገድ ሸክም ከራስ ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 12 ኪሎ። ስለዚህ 18ቱ ብዙ ነው። በዚያ ላይ ባናና ስፖንጅ ይጨመር ተብላችኋል። ሁለት የጭነት እንስሳ ይበቃችኋል፣ በአንዱ 40 ኪሎ ቢሆን አይበዛም። ፈረስም ይሆናል፣ መንዝ ፈረስ ሞልቷል።

አጫጫኑን እወቁ። የዘመናዊ ሻንጣ ብረትና መንጠቆ ጎን ይወጋል፤ ዕቃውን ለስላሳ ከረጢት ወይም ማዳበሪያ ውስጥ ክተቱ፣ በውስጡ ላስቲክ አልብሱት። ሁለት እኩል ክብደት ያላቸው እሽጎች አድርጉ፤ በእጅ ሚዛን መዝኑት፣ ልዩነቱ ከሁለት ኪሎ አይለፍ። አንዱ ጎን ከከበደ ጭነቱ ይዞራል፣ ከሥር ያለው ደበሎ ይታጠፋል፣ የታጠፈው ቦታ በአንድ ቀን ገጣባ ያወጣል። ድስቱ፣ ሲሊንደሩ፣ የድንኳኑ ዘንግ ጀርባ የማይነካበት ላይ ይሁን። ግማሽ ሰዓት እንደሄዳችሁ ቁሙና መቀነቱን እንደገና አጥብቁ፤ ሲነሱ ሆዳቸውን ነፍተው ስለሚታሰሩ በኋላ ይላላል። ጀርባዋ የቆሰለ በቅሎ ካመጡላችሁ በትህትና «ሌላ ይኑር» በሉ፤ ባለቤቱ አይቀየምም፣ የሚከራከር ካለም እሱ ነው ጥፋተኛው።

የሚጫነው የማታ ዕቃ ነው። ጃኬት፣ ውሃ፣ በሶ፣ የግንባር ባትሪና መድኃኒት ሁልጊዜ ጀርባችሁ ላይ ይሁን። እንስሳው በሌላ መንገድ ይቀድማል ወይም ይዘገያል፤ ጉም ሲመጣ ጃኬቱ በቅሎዋ ላይ ከሆነ ጃኬት የለህም ማለት ነው።

ዋጋውን ሲነሱ ጨርሱ፦ ስንት ቀን፣ የመመለሻው ቀን ይታሰባል ወይ፣ የነጂው ምግብ የማን ነው። ለነጂውና ለአስጎብኚው እራት አስቡ፣ ብርድ ልብስ እንዳላቸውም ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ። ለመኝታ ይለስልስ ብላችሁ ሣሩን እንዳታጭዱ። ያ ሣር ለመንዝ ሰው የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ የዝናብ ገሳ ነው። በድሮው የቀሮ ሥርዓት ቦታው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆይ ነበር፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ካፈረሰ በኋላ ሕዝቡ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ነው እንደገና የያዘው። የራሱ ባለቤት እንኳ በተፈቀደለት ወቅት ነው የሚያጭደው።


ጭላዳ፦

ስለ አውሬዎቹ አጭር ነገር። ጭላዳ ሌሊቱን ገደሉ ላይ ነው የሚያድረው፤ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል፣ ወደ ማታ ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ከአፋፉ ወደ ውስጥ ራቅ ብሎ መቀመጥ ነው፤ በእነሱና በገደሉ መካከል እንዳትገቡ፣ መሸሻቸውን የዘጋችሁ ይመስላቸዋል። ሃያ ሜትር ይበቃል። የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ ሳቅ አይደለም፣ ወደ ኋላ በሉ። ዳቦ አትስጧቸው፤ ሣር በል ናቸው፣ ዳቦ የለመደ ደግሞ ነገ የገበሬ እህል ላይ ነው።

ቀይ ቀበሮን ለማየት መሮጥ አያዋጣም። የሚያድነው አይጥ ነው፣ በቀን፣ ብቻውን። የአይጥ ጉድጓድ የበዛበት ሜዳ ፊት ለፊት ንፋሱ ወደ እናንተ በሚነፍስበት በኩል ቁጭ ብላችሁ በአቅርቦ ማሳያ መነጽር ሜዳውን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያላችሁ ፈትሹ። ህዳርና ታህሳስ ቡችሎች የሚወለዱበት ጊዜ ነው፤ ዋሻ ካያችሁ አትቅረቡ፣ እናትየው ከተረበሸች ቡችሎቹን ለማዛወር ትገደዳለች። አገር ውስጥ የቀሩት በአጠቃላይ 500 ገደማ ስለሆኑ አንድ ጉድጓድ ቀላል አይደለም። ውሻ ይዛችሁ እንዳትመጡ። በእብድ ውሻ በሽታ ያለቁት ከውሻ ተላልፎባቸው ነው።

ጫማችሁን ድንኳን ውስጥ አሳድሩት። ጅብ ቆዳ ይወዳል።

ለመጸዳዳት ከውሃ 70 እርምጃ ርቃችሁ፣ አንድ ስንዝር ቆፍራችሁ፣ መልሳችሁ ድፈኑ። ሶፍቱን አታቃጥሉ፤ ህዳር ላይ የደረቀ ሣር ከአንድ ክብሪት ነው የሚነሳው። በፌስታል ይዛችሁ ተመለሱ።


ጠባሴ፦

ዕቅዱ እንዲህ ሆኗል፦ የአዳማዋ ረቡዕ፣ የአዲስ አበባው ሐሙስ ደብረ ብርሃን ይገባሉ። አርብ አራት ኪሎ ሜትር፣ ቅዳሜ 13፣ እሁድ እስከ ቀትር። ሁለት የጭነት እንስሳ፣ አንድ አስጎብኚ፣ መሐል ሜዳ የሚያድር መኪና። ጀርባችን ላይ 7 ኪሎ። አንድ የቀረ ጥያቄ፦ ይሄ ከተሳካ ለጥር ስሜን ተራሮች እንሂድ እያልን ነው። ጓሳን የቻለ ስሜንን ይችላል?


አስታ፦

ብርዱን ይችላል፣ ከፍታውን ገና ነው። ስሜን ላይ ካምፖቹ ራሳቸው ከጓሳ ብዙ አይለዩም፤ ሳንካበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 አካባቢ ናቸው። ልዩነቱ ከጨነቅ ቀጥሎ ቧሂት 4,430 መሆኑ ነው፤ በአንድ ጠዋት 800 ሜትር ትወጣላችሁ፣ ከዚያም ትወርዳላችሁ። ስለዚህ ካምፕ አትዝለሉ፤ ደባርቅ፣ ሳንካበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያላችሁ በየአንዳንዱ እደሩ። ምዝገባው ደባርቅ ነው፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ግዴታ ነው። የመንገዱ ጸጥታ ለዚያም ተጠይቆ ነው።

ለልምምድ ከዚያ በፊት አንድ ቅዳሜ ወፍ ዋሻ ደን ሂዱ፤ ጓሳ የሌለው ረጅም ቁልቁለት እዚያ አለ። ጉልበት የሚታመመው ሲወጣ አይደለም፣ ሲወርድ ነው። ሸክሙን 10 ኪሎ አድርጉና እርምጃውን አሳጥሩ፣ ምርኩዙን ሁለት ጣት አስረዝሙት።


ዝተት፦

የወደቁት ሁለቱ ጫማዎች በምን ተተኩ? አዲስ ከገዛችሁ ሦስቱን ሳምንት ከዛሬ ቁጠሩ።